ሙርሳልና የኑራ አሎሎ

ሙርሳል አሶሳ ገበያ አጠገብ ስኳር፣ ዱቄት፣ ማካሮኒና ብስኩት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሰው ከሩቅ የሚለየው በሆዱና በሳቁ ነው። ሆዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሳቁ ይከተላል፣ ሙርሳል ራሱ በመጨረሻ ይመጣል እያሉ ይቀልዱበታል። ይህ ቀልድ ሲነገር ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው እሱ ነው።

የተወለደው አሶሳ አቅራቢያ ሆሞሻ ነው። ልጅ ሳለ ክረምት በገባ ቁጥር እህሉ ከጎተራ ያልቅና እናቱ ገንፎውን እያቀጠነች ለልጆቿ ሁሉ ታዳርስ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ከጠረፍ ከተማዋ ከኩርሙክ ሻይ ቅጠልና ስኳር በአህያ ማመላለስ ጀመረ። ከዚያ አሶሳ ገብቶ ሱቅ ከፈተ፤ ነዕማን አገባ፤ ብዙ ከቆዩ በኋላም አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ኑራ አሏት። ሙርሳል ሕፃኗን ታቅፎ ለራሱ ቃል ገባ፦ ይህች ልጅ ረሃብ የሚባለውን ቃል መጽሐፍ ላይ ካልሆነ በቀር አታገኘውም።

ቃሉን ከሚገባው በላይ ጠበቀ። ኑራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብስኩት፣ ከብስኩቱ ጋር ለስላሳ፣ ከእራት በኋላ ደግሞ ሐላዋ ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቷ ከቤታቸው የሚታይ ቢሆንም የምትሄደው በባጃጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት በክፍሏ እንደሷ የሚከብድ ልጅ አልነበረም። ዘመድ ሲመጣ ጉንጯን ይዞ «ማሻአላህ፣ ተመችቷታል!» ይላል፤ ሙርሳልም በኩራት ይነፋል። የክፍሏ ልጆች ግን «ኩንታል» ይሏታል። ይህን ለአባቷ ተናግራ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው በአንገቷ ነው። ነዕማ ልጇን ለዒድ ስታሰናዳ ከአንገቷ ኋላ የጠቆረ ቀለበት አየች። በሳሙና አሸችው። በሎሚ አሸችው። በመጨረሻ የእግር ማሻ ድንጋይ አመጣች።

«ማማ፣ አንገቴ ሊነቀል ነው!» ብላ ኑራ ጮኸች።

ጥቁረቱ አልለቀቀም። በዒድ ማግስት ሦስቱም ሆስፒታል ሄዱ። የተቀበለቻቸው ሐሴት የምትባል፣ ከደሴ ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት። ሙርሳል በቤቱ በርታኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይለትም።

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ አንገቱ አይለቅም። እናቱ በጣም አጥቦታል» አለ።

«አጥባታለች በል፣ ባባ» አለች ኑራ በሹክሹክታ።

ሐሴት አንገቷን አየች፤ ቆሻሻ አለመሆኑንም ነገረቻቸው። ማሸቱን አስቆመችና በማግስቱ በባዶ ሆዷ ደም እንድትሰጥ አዘዘች። ሙርሳል «ባዶ ሆድ» የሚለውን ሲሰማ ቀዶ ጥገና የተነገረው መሰለ። ልጅቷ ደም ሰጥታ እስክትወጣ በር ላይ ቆሞ ሁለት ዳቦ በእጁ ይዞ ጠበቀ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አስቀመጠቻቸው።

«ስኳሯ ገና በሽታ አልሆነም፤ ግን ወደዚያ እየሄደ ነው። ደሟ ውስጥ ያለው ስብም ከፍ ብሏል። በአልትራሳውንድ እንዳየሁት ደግሞ ጉበቷ ላይ ስብ አለ።»

ሙርሳል ከወንበሩ ዘለለ። «ጉበት? ወላሂ ልጄ አረቄ አይቀምስም! እኛ ቤት ሐራም ነው!»

«አረቄ አይደለም፣ አባት። ጣፋጭ ሲበዛና መንቀሳቀስ ሲያንስ ነው። ቆይ፣ እንዲህ ልንገርዎት። ሱቅዎ በር ላይ ስኳር የጫነ መኪና ቆሟል እንበል። አውራጆቹ ግን ተኝተዋል። እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እጮሃለሁ!»

«አልሰሙም።»

«የበለጠ እጮሃለሁ!»

«የኑራም ሰውነት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ፤ ሥራው ጡንቻን 'ስኳሩን ከደም ውስጥ አንሳ' እያለ መጥራት ነው። ጡንቻዋ ስለተኛ አይሰማም፤ ስለዚህ ሰውነቷ ቀን ከሌት ይጮሃል። አንገቷም የጠቆረው በዚሁ ጩኸት ብዛት ነው። ስትሮጥና ስትዘል ግን ጡንቻው ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ጠሪ እንኳ ሳይጠራው ስኳሩን ያነሳል።»

«እነዚህን አውራጅ አውቃለሁ» አለ ሙርሳል ራሱን እየነቀነቀ። «ሰነፍ ናቸው። መድኃኒቱስ የት ነው?»

«መድኃኒቱ መንቀሳቀስ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል እስኪያልባት፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ እስኪመታ ትጫወት። አልፎ አልፎ ከበድ ያለ ነገር ታንሳ። ለስላሳውን ይተዉት። እንዳያስርቧት ደግሞ፤ በማደግ ላይ ያለች ልጅ ናት። ኪሎዋንም እየመዘኑ አይጨነቁ። ኪሎዋ ባይቀንስ እንኳ ውስጧ ይለወጣል።»

ሙርሳል «እንዳያስርቧት» ሲባል ብቻ ነው የተነፈሰው።

ቤት ሲደርሱ ኑራ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጆቹ የሚጠሯትንም ስም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ነዕማ ከንፈሯን ነከሰች። ሙርሳል መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ብቻዬን አልሮጥም። ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል» አለች ኑራ።

«እኔ አብሬሽ ብሮጥስ?» አላት አባቷ።

ኑራ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ሆዱን አየች። እንደገና ፊቱን አየች። ከዚያ ሳቋ አፈናትና ከጆንያው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ነዕማም አፏን በሻርፗ ብትይዝም አላስቻላትም። ሦስቱም ዱቄት በዱቄት ሆነው ሳቁ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጡ። ኑራ የትምህርት ቤት ቱታዋን፣ ሙርሳል ረጅም ጀለቢያውን ነበር የለበሰው። ሩጫ ሲጀምሩ ጀለቢያው እግሩ ላይ ስለተጠመጠመ ጫፉን ሰብስቦ በጥርሱ ያዘው። ኑራ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኖ፣ አፉ ስለተያዘ «ም! ም!» እያለ ይከተላታል።

ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች ይህን አዩ። ጀለቢያውን የነከሰ ነጋዴ ገና በደንብ ሳይነጋ እያጉረመረመ በመንገድ ላይ ሲሮጥ ማየት ምን ማለት ነው? ሱቁ ተዘርፏል ማለት ነው። አንዱ «ሌባ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ሙርሳል «አይደለም» ለማለት አፉን ሲከፍት ጀለቢያው ወረደና አደናቀፈው፤ መልሶ ነከሰው። ሰው ሁሉ «ሰውየው መናገር እንኳ አቅቶታል!» ብሎ በእልህ ሮጠ። የባጃጅ ሹፌሮች መብራታቸውን አብርተው ተቀላቀሉ። ዳቦ ጋጋሪው ዱላ ይዞ ወጣ። ውሾቹም አልቀሩም። ሕዝቡ ሙርሳልን አልፎ፣ ኑራንም አልፎ፣ ማንንም የማያሳድድ ትልቅ ሩጫ ሆኖ ወደ ኳስ ሜዳው ነጎደ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተያዩ።

«ሌባው የታለ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሙርሳል ከኋላ ደረሰ፤ ጀለቢያውን ከአፉ አወጣ፤ ጉልበቱን ይዞ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። «ሌባ የለም» አለ በመጨረሻ። «ስፖርት ነው።»

ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኑራ የፈራችው ሳቅ ይህ ነበር፤ ሆኖም ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው እሷ ራሷ ሆነች።

ከዚያ ቀን በኋላ ብቻቸውን ሮጠው አያውቁም። መጀመሪያ ሰው የሚመጣው ለጨዋታ ነበር፤ «ዛሬስ ሌባ አለ?» እያለ። ቆይቶ ጫማ አስሮ መምጣት ጀመረ። ከጎረቤታቸው ሸዋሉል የምትባል፣ ከወሎ መጥታ በክልሉ ቢሮ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ የደም ግፊት አለባት። እሷም ወገቧ ላይ ነጠላ አስራ ከኋላ ትከተላቸው ጀመር።

እውነቱን ለመናገር ግን ኑራ ሩጫ አልወደደችም። ደረቷ ይቃጠላል፤ ጭኗ ይፋተጋል፤ ሁልጊዜም መጨረሻ ናት። «ሌላ ስፖርት የለም?» እያለች አባቷን ታስጨንቀዋለች። ኳስ ሞከረች፤ ልጆቹ ጎሉን ትሞላልናለች ብለው በረኛ አደረጓት፤ አኩርፋ ወጣች። ሙርሳል ገመድ ገዝቶ ዝላይ ሊያሳያት ሲሞክር በገመዱ ታስሮ ወደቀና ነዕማ ፈታችው።

አንድ ጠዋት ሜዳው ጥግ ላይ መምህር ምንያህል ተማሪዎች ያሠለጥን ነበር። ከጎጃም የመጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ነጭ ቱታው ላይ አንድ ጉድፍ እንዲያርፍበት አይፈልግም። ልጆቹ አሎሎ እየወረወሩ ነበር። አንደኛው ብረት ተንከባሎ ኑራ እግር ሥር ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ መልሺልን!» አለ መምህሩ ከሩቅ።

አንከባልዪው ማለቱ ነበር። ኑራ ግን ልጆቹ ሲያደርጉ እንዳየችው ብረቱን አንገቷ ሥር አስደገፈች፣ ጎንበስ አለች፣ ገፋችው። አሎሎው ልጆቹን አለፈ። መስመሩን አለፈ። መምህሩን ደግሞ በጎኑ አልፎ ሌሊት በዘነበው ዝናብ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ «ጭፍግ!» ብሎ ገባ። ቀዩ ጭቃ ተነሥቶ መምህር ምንያህልን ከእግር እስከ ራሱ ቀባው።

ኑራ ለመደበቅ የሚበቃትን ብቸኛ ነገር መረጠች፤ አባቷ ኋላ ገባች።

«ማን ነው የወረወረው?» አለ መምህሩ ጭቃውን ከዓይኑ እየጠረገ።

«ልጄ ነው። ይቅርታ አድርግ መምህር፣ ልብሱን እኛ እናጥባለን» አለ ሙርሳል።

«ልብሱ ገደል ይግባ! የት አለች? ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ድገሚው!»

ደገመችው። መምህር ምንያህል በዚያ በጭቃ ልብሱ ሜዳው ላይ ይዘልል ጀመር። «እንዲህ ያለ ጉልበት ይዘሽ የት ነበርሽ?» እያለ። ኑራ ክብደቷ የሚጠቅምበት ቦታ በዓለም ላይ እንዳለ ያን ጠዋት አወቀች፤ ጆሮዋ እስኪቀላ ሳቀች።

ሥልጠናው ቀላል አልነበረም። አሎሎ ወርዋሪ አጫጭር ሩጫ ይሮጣል፤ ቁጭ ብድግ ይላል፤ በሁለት እግሩ ይዘላል፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ያነሳል። ኑራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ስትወርድ እያቃሰተች ነበር። ከዚያ ግን ባጃጁን ራሷ ተወችው፤ ቀርፋፋ ነው ብላ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትተኛ የነበረችው ልጅ በግቢው ውስጥ የምትወረውረው ነገር ትፈልጋለች። አንድ ቀን እናቷ በር የምታስደግፍበትን ድንጋይ አገኘች። ሙርሳል «ማሻአላህ፣ በርቺ!» አላት። ድንጋዩ አጥሩን ዘለለ። ከወዲያ በኩል የቆርቆሮ ድምፅ፣ ከዚያ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ የሸዋሉል ድምፅ ተሰማ።

«ምን መዓት ነው? ሰማይ ተደረመሰ ወይ?»

ሸዋሉል ልትመልስላቸው ድንጋዩን ልታነሳ ታገለች፤ አልቻለችም። በበራቸው ገብታ፣ «ወይ ጉድ! ይህን ያነሳችው ይቺ ልጅ ናት?» አለች። ቁጣዋን ረስታ የኑራን ክንድ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች መረመረች። ሙርሳል የዶሮ ቤቱን ጣሪያ በዚያው ቀን አደሰ።

ሐኪሟ ሚዛን አትዩ ብትልም፣ ሱቁ ውስጥ የእህል ሚዛን ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሙርሳል ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን ሱቁን ዘግቶ ልጁን ሚዛኑ ላይ አቆማት። አየ። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ። ኪሎዋ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ሚዛኑ ዋሽቷል ብሎ የስኳር ጆንያ ጫነበት፤ ልክ ነበር። ራሱ ወጣበት፤ ከሁለቱ የከሳው እሱ ነበር። ይህ ጭራሽ አናደደው።

ልጁንና ነዕማን ይዞ ሆስፒታል ገሰገሰ።

«ዶክተር፣ ስፖርት አይሠራም! ስንት ጠዋት ሮጥን! ልጄ ጨመረ!»

«ጨመረች» አለች ኑራ።

ሐሴት ሳቀች፤ ግን አላሾፈችበትም። የኑራን ቁመት ለካች፤ ወገቧን ለካች፤ አንገቷን አየች፤ ጥቁረቱ ፈዘዝ ብሏል። ደሟ በማግስቱ በባዶ ሆዷ ተወሰደ፤ አልትራሳውንዱም ተደገመ። ውጤቱን ለመስማት ሲገቡ ሙርሳል ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

«ስኳሯ ወደ ጤናማው ተመልሷል» አለች ሐሴት። «የደሟ ስብ ወርዷል። ጉበቷ ላይ የነበረውም በጣም ቀንሷል።»

«ኪሎውስ?»

«ቁመት ጨምራለች፤ ወገቧ ጠቧል፤ ጡንቻ አብጅታለች። ጡንቻ ደግሞ ይከብዳል። ሚዛን ስብና ጡንቻን አይለይም፣ አባት። ኪሎዋ ያው ነው፤ ውስጧ ግን ሌላ ሆኗል።»

«አውራጆቹ ነቅተዋል ማለት ነው?»

«ነቅተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ሌላ መኪና እየጠበቁ ነው። ካቆመች ግን ተመልሰው ይተኛሉ። ይህን እንዳትረሱ።»

ሙርሳል ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። «ሐምዱሊላህ!» ብሎ ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ መጀመሪያ ያገኘውን የጥበቃ ሠራተኛ ግንባሩን ሳመው። ነዕማ ከኋላ እልልታዋን አቀለጠችው። አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ተነሡ፤ አንዲት አሮጊት ፊታቸው በርቶ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?» ብለው ጠየቁ።

«ጉበት ነው!» አለ ሙርሳል።

አሮጊቷ ምንም ባይገባቸውም እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ሐሴት በሯ ላይ ቆማ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

በበጋው የክልሉ ተማሪዎች ውድድር አሶሳ ላይ ተደረገ። ኑራ በመጀመሪያው ውርወራ በደስታ ብዛት ከመወርወሪያው ክብ ወጥታ ተሰረዘባት። በሁለተኛው ተረጋጋች። በሦስተኛው ስትወረውር ያወጣችው ድምፅ እስከ ገበያው ተሰምቷል ብሎ አባቷ እስከ ዛሬ ይምላል። መምህር ምንያህል መለኪያውን አይቶ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። መሪ ሆነች፤ ግን ሐኒ የምትባል ከድባጤ የመጣች ረጅም ልጅ ተነሣች። ሐኒ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ገፍታ አልወረወረችም፤ ክቡ ውስጥ እንደ እንዝርት ዞረችና ለቀቀችው። አሎሎው ከኑራ ምልክት አልፎ አረፈ። ኑራ ሁለተኛ ወጣች።

ሙርሳል ልጁ ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ እየሮጠ ወደ ሜዳው ወረደ። ኑራ ግን ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የሐኒን እጅ ይዛ ትጎትታለች።

«አሳዪኝ! እንዴት ነው ዞረሽ የማትወድቂው?»

ሁለቱም አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ አንዷ በበርታኛ ቃና፣ ሌላዋ በሺናሻኛ ቃና ይናገሩታል። ሐኒ ባለፉት ዓመታት አገሩ ታውኮ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ሳለ ዘመድ ቤት ተጠግታ፣ በወንዝ ዳር ድንጋይ እየወረወረች ብቻዋን እንደተማረችው ነገረቻት።

«ብዙ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ መውደቅ ነው የምትማሪው» አለች እየሳቀች።

ሳሩ ላይ ወጡ። ሐኒ አንድ ጊዜ ዞራ አሳየች። ኑራ ዞረች፤ ዓለም አብራት ዞረች፤ በቂጧ ተቀመጠች። ተነሥታ ደገመች። አሁንም ወደቀች፤ በዚህኛው ሐኒን ይዛት ነው የወደቀችው። ሁለቱም ሰማዩን እያዩ በጀርባቸው ተንጋለው ተንከተከቱ።

«እኔም እሞክራለሁ» አለ ሙርሳል።

«ተው፣ ሰው ያይሃል!» አለች ነዕማ።

ጀለቢያውን ሰበሰበ፤ እጆቹን ዘረጋ፤ አንዴ ዞረ፤ ሁለቴ ዞረ፤ ማቆም አቃተውና ዞሮ ዞሮ መምህር ምንያህል እጅ ላይ ደረሰ። መምህሩ ሊደግፈው ሲሞክር አብሮት ዞረ። ሁለቱ ተቃቅፈው ጥቂት ከተንገዳገዱ በኋላ ልጆቹ አጠገብ ሳሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ የመምህሩም ነጭ ቱታ አረንጓዴ ሆነ።

«ወድቄያለሁ» አለ ሙርሳል ጭንቅላቱን ይዞ፤ «ቀጥሎ ምንድን ነው የምንማረው?»